የጤና ተቆጣጣሪው ወደ ማዕድ ቤት ሲገባ፦ ተባይ፣ ቅጣትና የሠራተኛው ደመወዝ

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በምግብ ቤት፣ በካፌ፣ በሆቴልና በሠራተኞች ካምፕ ማዕድ ቤቶች በውል ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ ወገኖች የተዘጋጀ ማብራሪያ

አንድ ምግብ ቤት በበረሮ ወይም በአይጥ ምክንያት ሲቀጣ ቅጣቱ የሚጻፈው በድርጅቱ የንግድ ፈቃድ ላይ ነው። ገንዘቡን እንዲከፍል የሚጠየቀውም ፈቃዱን ያወጣው ወገን ነው። ይሁን እንጂ በወሩ መጨረሻ ከዕቃ አጣቢው፣ ከረዳት አብሳዩና ከጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ «የማዘጋጃ ቤት ቅጣት» በሚል ሰበብ ገንዘብ ተቀንሶ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንድ ጊዜም ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ጥፋቱ የእርሱ እንደሆነ አምኖ እንዲፈርም ይጠየቃል። ስለዚህ ተባይ ወደ ማዕድ ቤት የሚገባበትን መንገድ፣ ተቆጣጣሪው የሚመለከተውን ነገርና የሠራተኛው ኃላፊነት የሚያበቃበትን ወሰን ለይቶ ማወቅ የደመወዝ ጉዳይ ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የሥራ ሕግ አንቀጾች በኤምሬቶች የግል ዘርፍ ሠራተኞችን የሚመለከቱ ናቸው። በግለሰብ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ቁጥር 9 ልዩ አዋጅ ይተዳደራሉ። በዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከልና በአቡዳቢ ግሎባል ማርኬት ክልል ውስጥ የሚገኙ ድርጅቶችም የራሳቸው የሥራ ሕግ አላቸው። በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠሩ ወገኖች ስለ ተባይና ስለ ንጽሕና የተጻፈው ይጠቅማችኋል፤ የአንቀጽ ቁጥሮቹን ግን ለራሳችሁ ጉዳይ አትጥቀሱ።

ተቆጣጣሪው ማን ነው? ምንስ ይመለከታል?

በዱባይ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና የሚቆጣጠረው የዱባይ ማዘጋጃ ቤት የምግብ ደኅንነት መምሪያ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በዓረብኛ ስሙ «በለዲያ» ትሉታላችሁ። በአቡዳቢ ይኸው ተግባር የአቡዳቢ የግብርናና የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሲሆን፣ በሌሎቹ ኤምሬቶች ቁጥጥሩ በአብዛኛው በየማዘጋጃ ቤቶቹ ይከናወናል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል የምግብ ደኅንነት ሕግ ቁጥር 10 አለ። የአቡዳቢው ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. የ2008 ቁጥር 2 የምግብ ሕግን መሠረት በማድረግ፣ ተባይ የተገኘባቸውን ምግብ ቤቶች ለጊዜው እንደሚዘጋ በየጊዜው በይፋ ያስታውቃል፤ መዘጋቱም ጉድለቱ እስኪስተካከል ድረስ ይጸናል።

ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ሳያሳውቅ ሊመጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት መለኪያ ይዞ ከቀዝቃዛው ክፍል ይጀምራል፤ ቀዝቃዛ ምግብ በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች፣ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ፣ የበረደ ምግብ ደግሞ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሊገኝ ይገባል። የእጅ መታጠቢያው ሳሙናና የእጅ መጥረጊያ ወረቀት እንዳለው፣ ድስት እንደማይታጠብበትም ያያል። ጥሬ ሥጋ ከበሰለ ምግብ በላይ አለመቀመጡን፣ የዕቃዎቹ ቀን አለማለፉንም ይመረምራል። ከዚያም በባትሪ መብራት ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከማጠቢያው ሥር፣ ከምድጃው ኋላና ከደረቅ ዕቃ ማከማቻው ማዕዘን ይፈልጋል። በመጨረሻ ወረቀት ይጠይቃል፦ ከተባይ መከላከያ ድርጅት ጋር የተደረገውን ውል፣ የጉብኝት ሪፖርቶችን፣ የሠራተኞችን የጤና ካርድ። ካርዳችሁ ጊዜው ሊያልፍ ሲቃረብ ለኃላፊያችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ማሳወቅ ተገቢ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

የዱባይ ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዱ የምግብ ድርጅት ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያገኘ የምግብ ደኅንነት ኃላፊ እንዲኖረው ያስገድዳል። ይህ ሰው በሥራ ሰዓት በቦታው ተገኝቶ የሙቀት መዝገቡን፣ የጽዳት መርሐ ግብሩንና የተባይ መከላከያውን የሚከታተል ነው። በየማዕድ ቤታችሁ ይህ ኃላፊ ማን እንደሆነ ዕወቁ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ መልስ የመስጠት ግዴታ በመጀመሪያ የእርሱ እንጂ የዕቃ አጣቢው አይደለም።

ተቆጣጣሪ ገባ በተባለ ቁጥር በኋላ በር የሚወጡ፣ ምግብ በችኮላ ወደ ቆሻሻ የሚጥሉ ወይም ቀን ያለፈበትን ዕቃ በመኪና ውስጥ የሚደብቁ ሠራተኞች አሉ። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርጉት ታዘው ነው። ነገር ግን ማስረጃ መሰወር ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የደበቀው እጅ ደግሞ የሠራተኛው እጅ ሆኖ ይገኛል። ተቆጣጣሪው የመጣው ምግቡንና ንጽሕናውን ለማየት ነው። ለጠየቃችሁ የምታውቁትን በአጭሩ ተናገሩ፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ ቋንቋው ካልገባችሁ ኃላፊው እንዲጠራ ጠይቁ።

ተባዩ ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል

በቅጣት ማግሥት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክስ «አላጸዳችሁም» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ይሁንና ተባይ ሁሉ ከቆሻሻ አይፈጠርም፤ እያንዳንዱ የራሱ መግቢያና የራሱ ምክንያት አለው። የትኛው ተባይ እንደተገኘ ማወቅ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ስለሚረዳ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

በማዕድ ቤት በብዛት የሚገኘው ትንሹ፣ ቀላ ያለ ቡናማ በረሮ ነው፤ የጀርመን በረሮ ይባላል። ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር ሰረዞች አሉት። ሴቷ ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ እንቁላሎችን የያዘውን ከረጢት ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ተሸክማ ትዞራለች፤ ስለዚህ በመርጨት ብቻ እንቁላሉን ማጥፋት አዳጋች ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመራባት እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ሁለት ወር ያህል ነው። መኖሪያው የፍሪጅ ሞተር፣ የበር ላስቲክ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሥርና የተሰነጠቀ የግድግዳ ሸክላ ነው። ወደ ማዕድ ቤት የሚገባው ደግሞ በአብዛኛው ከአቅራቢዎች በሚመጣ ካርቶን፣ በሚመላለስ የለስላሳ ሣጥን ወይም ከሌላ ምግብ ቤት በተገዛ ያገለገለ መሣሪያ ተደብቆ ነው። የሌሊት ፍጥረት በመሆኑ በቀን ብርሃን ሲርመሰመስ ከታየ መደበቂያው ሞልቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መራባት በአንድ ሌሊት የጽዳት ጉድለት የሚመጣ አይደለም፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት ያለ በቂ ሕክምና የቆየ መሆኑን ያመለክታል።

ትልቁ፣ አውራ ጣት የሚያህለው ቀይ ቡናማ በረሮ ታሪኩ ሌላ ነው። የእርሱ ቤት የፍሳሽ መስመርና የመንገድ ጉድጓድ ነው። በማዕድ ቤት ወለል ላይ ሲታይ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የወለሉ ፍሳሽ ክዳን፣ የደረቀ የፍሳሽ መታጠፊያና የቧንቧ ዙሪያ ክፍተት ነው። ይህ የሕንፃ ጥገና ጥያቄ ነው፤ የመጥረጊያ ጥያቄ አይደለም።

አይጥም እንዲሁ። ትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት በሚያህል ቀዳዳ፣ ማለትም በግምት 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፍተት፣ ሾልካ መግባት ትችላለች። የኋላ በር ከሥሩ ክፍት ከሆነ፣ የጋዝ ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካልተደፈነ ወለሉ በቀን ሦስት ጊዜ ቢታጠብም ትገባለች። ምልክቷ ሩዝ የሚያህል ጥቁር ዓይነ ምድር፣ የተቦረቦረ ከረጢትና በግድግዳ ጥግ የሚታይ የቅባት ጥቀርሻ ነው። ዝንብ ግን ወደ ቆሻሻ አያያዝ ያመለክታል፦ በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዝንብ ያለው ዕድገት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ሊጠናቀቅ ስለሚችል ቆሻሻ በየቀኑ ካልወጣና በርሜሉ ካልታጠበ ይበዛል። ይህኛው በእርግጥም የሠራተኛው እጅ የሚገባበት ነው።

ነቀዝና የዱቄት ጥንዚዛ ከጎተራው ወይም ከወፍጮው ከዱቄቱ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው። በዴይራና በሌሎች ሠፈሮች በሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የምትሠሩ ወገኖች አንድ ተጨማሪ ነገር ታውቃላችሁ፤ የቦካ ሊጥ ትንንሾቹን የኮምጣጤ ዝንቦች ይጠራል። የቡሆ ዕቃ በጠባብ ክዳን ካልተከደነና ከአፉ ላይ የፈሰሰው ሊጥ ወዲያው ካልተጠረገ፣ ተቆጣጣሪው የእንጀራን አሠራር ስለማያውቅ ያየው የተበላሸ ምግብ ላይ የሰፈረ ዝንብ ብቻ ይመስለዋል። በቡሆው ዕቃ ላይ ሊጡ የተቦካበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት መለጠፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ከሠራተኛው የሚጠበቀው

ኃላፊነትን ለመለየት ስንል የሠራተኛውን ድርሻ ማቃለላችን አይደለም። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በፈረቃው መጨረሻ ከምድጃው ሥር ያለውን ቅባት ማንሣት፣ ካርቶንን ከማዕድ ቤት ውጭ ከፍቶ ወዲያው ማስወገድ፣ ምግብን ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የኋላ በርን ድንጋይ አስደግፎ ክፍት አለመተው፣ እነዚህ ሁሉ የሥራ ግዴታዎች ናቸው። የዓረብ አገር ሙቀት ከብዶ በሩን መክፈት የሚያስገድድ ሆኖ ከተገኘ፣ ችግሩ የአየር ማውጫው መሆኑን ለኃላፊው መንገር ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግዴታ፣ ከሁሉም የሚበልጠውም መከላከያ፣ ያዩትን በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። በደንብ በሚተዳደሩ ማዕድ ቤቶች የተባይ መመዝገቢያ ደብተር አለ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የታየው ተባይና የተመለከተው ሰው ስም ይጻፍበታል። የተባይ መከላከያ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲመጣም ያንን አንብቦ የሠራውን ይፈርምበታል። ደብተሩ ከሌለ ለቅርብ ኃላፊያችሁ በዋትስአፕ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ዛሬ ከማጠቢያው ሥር በረሮ አይቻለሁ፣ የፍሳሹ ክዳን ተሰብሯል» የሚል አንድ መስመርና አንድ ፎቶግራፍ በቂ ነው። በቃል የተነገረ ነገር ቅጣት በመጣ ቀን ይካዳል። ቀን የያዘ መልእክት ግን ሠራተኛው አስቀድሞ ማሳወቁን፣ አሠሪውም አስቀድሞ ማወቁን በአንድ ጊዜ ያስረዳል።

እዚህ ላይ በብርቱ የምናሳስበው ነገር አለ። የማዕድ ቤቱን ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ በቲክቶክ፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ቡድኖች አትልቀቁ። በኤምሬቶች የሰውንና የድርጅትን ስም በኢንተርኔት ማጉደፍ በወንጀል ያስጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሐሰት ወሬና የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34 ከባድ ቅጣት አለው። የተነገረው ነገር እውነት መሆኑም ሁልጊዜ ከተጠያቂነት አያድንም። ማስረጃችሁ የሚሄደው ወደ ኃላፊያችሁና ሥልጣን ወዳለው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። በዱባይ የማዘጋጃ ቤቱ ስልክ 800900፣ በአቡዳቢ የመንግሥት የጥቆማ ስልክ 800555 ነው።

ሌላው ሠራተኛው ሊያሳውቅ የሚገባው ሕመሙን ነው። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም መግል የያዘ ቁስል ያለበት ሰው ምግብ መንካት የለበትም። ብዙዎች ደመወዝ እንዳይቀነስባቸው ሲሉ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። እ.ኤ.አ. የ2021 ቁጥር 33 የሥራ አዋጅ በአንቀጽ 31 ግን የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በዓመት እስከ 90 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 30 ቀናት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ ቀሪዎቹ ክፍያ የላቸውም። ሠራተኛው መታመሙን ቢበዛ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛም ክፍያ ባይኖረውም በሐኪም ማስረጃ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል።

መርጨት የእናንተ ሥራ አይደለም

ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማበት ሌሊት ዕቃ አጣቢው ከሱፐርማርኬት በተገዛ መርጫ ማዕድ ቤቱን እንዲረጭ ይታዘዛል። ይህ በሦስት በኩል ጉዳት አለው። መርዙ በመክተፊያና በዕቃ ላይ ያርፋል። ሽታው በረሮውን ሳይገድል ወደ ግድግዳው ውስጥና ወደ ጎረቤት ክፍል ይበትነዋል፤ ባለሙያዎች የጀርመን በረሮን በአብዛኛው የሚያጠፉት በስንጥቅ ውስጥ በሚቀቡት የማጥመጃ ቅባት ነው። ሦስተኛው፣ መርዙን የሚተነፍሰው ያለ ጭምብልና ያለ ጓንት የቆመው ሠራተኛ ነው። በንግድ ማዕድ ቤት የተባይ ማጥፋት ሥራ የሚሠራው ፈቃድ ባለው ድርጅትና በሠለጠነ ባለሙያ ነው።

አደገኛው ነገር አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው እንክብል ነው። የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በአየር ማስተላለፊያና በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። በኤምሬቶች ከጎረቤት ክፍል በሾለከ ፎስፊን ሕፃናት ጭምር የሞቱባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ይህን እንክብል በማዕድ ቤትም ሆነ ትኋን ለማጥፋት በመኖሪያ ክፍላችሁ ማንም ቢሰጣችሁ አትንኩት። ከተረጨ በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ወዲያው ከክፍሉ ወጥታችሁ ወደ አምቡላንስ 998 ደውሉ። ከዚህ ጋር አንድ ልማድ እናስወግድ፤ ማንኛውንም ኬሚካል በውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ቀድቶ ማስቀመጥ።

የሥራ አዋጁ አንቀጽ 13 አሠሪው ሠራተኛውን ከሥራ አደጋ የሚከላከል መሣሪያና መመሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አንቀጽ 45 ደግሞ በሥራ ቦታው የሠራተኛውን ጤና የሚያሰጋ ከባድ አደጋ መኖሩን እያወቀ አሠሪው ካላስወገደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሥራውን ሊለቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ ግን በስሜት የሚሠራበት አይደለም፤ አሠሪው ማወቁን የሚያሳይ ጽሑፍ በእጃችሁ ሳይኖርና ለሚኒስቴሩ ሳታመለክቱ ሥራ ትቶ መሄድ «ከሥራ ጠፍቷል» የሚል ሪፖርት ሊያስከትል ይችላል።

ቅጣቱ ከደመወዝ ሊቆረጥ ይችላልን?

አንቀጽ 25 ከደመወዝ ሊቀነስ የሚችለውን በዝርዝር አስቀምጧል፤ ከዝርዝሩ ውጭ መቀነስ አይፈቀድም። በዝርዝሩ ውስጥ ድርጅቱ ላይ የተጣለን የማዘጋጃ ቤት ቅጣት ለሠራተኛ ማስተላለፍ የሚል የለም። ለክርክር የሚቀርቡት ሁለት ነጥቦች ናቸው። አንደኛው፣ ሠራተኛው የድርጅቱን ደንብ በመጣሱ የሚቀነስ ገንዘብ ነው፤ ይህም ደንቡ በሚኒስቴሩ የጸደቀ ሆኖ ከደመወዙ 5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው፣ ሠራተኛው በጥፋቱ የአሠሪውን መሣሪያ ወይም ዕቃ ሲያበላሽ ለማስተካከያ የሚቀነስ ነው፤ ይህም በወር ከአምስት ቀን ደመወዝ ሊያልፍ የሚችለው ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ምግብ ቤት 6,000 ድርሃም ተቀጣ እንበል፤ አሠሪውም በወር 1,500 ድርሃም ከሚከፈላቸው ሦስት ሠራተኞች ከእያንዳንዳቸው 2,000 ለመቁረጥ ወሰነ። ከደመወዙ 5 በመቶ 75 ድርሃም ነው። የአምስት ቀን ደመወዝ 250 ድርሃም ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሰላ 2,000 ድርሃም የሚደረስበት አይደለም፤ በወራት ተከፋፍሎ ይቆረጣል ቢባልም ምክንያቱ ራሱ ሕጋዊ ሆኖ መገኘት አለበት። በአንቀጽ 39 መሠረት የሚወሰድ የዲሲፕሊን ቅጣትም የደመወዝ ቅነሳ ከሆነ በወር ከአምስት ቀን አይበልጥም፤ ከዚያም በፊት ሠራተኛው የተከሰሰበት ነገር በጽሑፍ ሊነገረውና መከላከያው ሊሰማ ይገባል። የፍሳሽ ክዳን መሰበሩን ከአንድ ወር በፊት ያሳወቀበትን መልእክት የሚያቀርበው በዚህ ጊዜ ነው።

ምግብ ቤቱ ሲዘጋ የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ ይለያል። ለአሥር ቀን ተዘግቶ ሠራተኞቹ «በራሳችን ጥያቄ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደናል» በሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ የሚጠየቁበት ጊዜ አለ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ በአንቀጽ 33 መሠረት ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሚፈቅደው ነው እንጂ አሠሪው የሚጭነው አይደለም። ቀኖቹን ከዓመት ፈቃድ ላይ መቁረጥም ቢሆን አሠሪው የፈቃዱን ጊዜ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያሳውቅ በአንቀጽ 29 ስለሚገደድ በድንገት የሚደረግ አይደለም። ለመክፈቻ የሚደረገው ታላቅ ጽዳት ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል፤ ያም ሥራ ነው። በአንቀጽ 19 የትርፍ ሰዓት ሥራ በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ 25 በመቶ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ (በዚህ አገር አቆጣጠር ከ10 እስከ 4) ከሆነ 50 በመቶ ይጨመርበታል፤ በፈረቃ የሚሠሩ ግን በሌሊቱ ጭማሪ አይካተቱም። የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

ስንብትንም በሚመለከት አንቀጽ 44 ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የጽሑፍ ምርመራና ምክንያቱን የሚገልጽ የጽሑፍ ውሳኔ ይጠይቃል። የሥራ ደኅንነት መመሪያ ጥሷል የሚል ምክንያት የሚቀርብ ከሆነ፣ መመሪያው ተጽፎ በሚታይ ቦታ የተለጠፈና ሠራተኛው እንዲያውቀው የተደረገ መሆን አለበት። ሠራተኛው ለሚኒስቴሩ እውነተኛ አቤቱታ በማቅረቡ ምክንያት ከተሰናበተ ደግሞ በአንቀጽ 47 ስንብቱ ሕገ ወጥ ስለሚሆን ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊወስንለት ይችላል፤ ይህ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያውንና የአገልግሎት ክፍያውን አይነካም።

ወረቀትና አቤቱታ

የማታነቡትን ወረቀት አትፈርሙ። ሙዲሩ ካስቸገራችሁ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለሚያነብ ሰው ለማሳየት አንድ ቀን ጠይቁ። መፈርም ግድ ሆኖ ከመጣባችሁ ከፊርማችሁ አጠገብ በራሳችሁ እጅ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ «ወረቀቱ ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልተስማማሁም» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ፓስፖርታችሁን ለቅጣቱ መያዣ እናደርጋለን የሚል አሠሪ ካለም የሠራተኛን የግል ሰነድ መያዝ በአንቀጽ 13 የተከለከለ መሆኑን ዕወቁ።

የደመወዝ አቤቱታ የሚቀርበው ለማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ለሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር ነው፤ የሁለቱን በር ማምታታት ጊዜ ያባክናል። የሚኒስቴሩ ስልክ 600590000፣ የሥራ አቤቱታና የምክር መስመሩ 80084 ሲሆን በስልክ መተግበሪያውም ማመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሚኒስቴሩ ከ50,000 ድርሃም ባልበለጠ ክርክር ራሱ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን አግኝቷል፤ ለአብዛኛው የደመወዝ ቅነሳ ጉዳይ ይህ በቂ ነው። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ከሄደም ጥያቄው ከ100,000 ድርሃም ካልበለጠ ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ወደ ኤምባሲው ወይም ወደ ቆንስላው የሥራ ጉዳይ ክፍል ስትመጡ የሥራ ውላችሁን ቅጂ፣ ቅነሳው የታየበትን የባንክ ዝርዝር፣ ለኃላፊያችሁ የላካችኋቸውን መልእክቶች ቀናቸው በሚታይ መልኩ፣ የተባይ መመዝገቢያው ፎቶግራፍ ካለም እርሱን ይዛችሁ ኑ። ከድርጅቱ ከወጣችሁ በኋላ የመጠየቅ መብታችሁ እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ማሻሻያ ሥራው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ድረስ ይቆያል። ነገር ግን የስልክ መልእክት ስልክ ሲቀየር ስለሚጠፋ፣ ቅጂውን ዛሬውኑ ለምታምኑት ዘመድ ወይም ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩት።